ላምባ አልነበረበትም

ነቀምት ገበያ ገብታችሁ "ላምባው የት ነው?" ብትሉ ሕፃን ልጅ እንኳን እጃችሁን ይዞ እኔ ጋ ያደርሳችኋል። እናቴ ያወጣችልኝን ስም ከእሷ በቀር የሚጠራው የለም፤ እሷም ስትቆጣ ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። የኔን ያወጣው ግን ከአዲስ አበባ የመጣ መሐንዲስ ነው። እንዴት እንደወጣልኝ ልንገራችሁ። ሲጀመር ቀልድ ይመስላል። እኔ የገባሁበት ነገር ሁሉ ሲጀመር ቀልድ ይመስላል።

መጀመሪያ እኔን እወቁኝ። በጉልበትም፣ በወሬም፣ በመልክም በዚህ ከተማ የሚበልጠኝ የለም። መልኩን እንኳን ተዉት፣ ሳታዩኝ አትፈርዱም። ትምህርት እስከ አራተኛ ክፍል ገፍቻለሁ። አምስተኛ ያልገባሁት ሰንፌ እንዳይመስላችሁ። የሳይንስ አስተማሪው "በዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ በሦስት ይከፈላል፤ በምንና በምን?" ሲለኝ "በሚበላ፣ በሚጠጣና በሚያናድድ" ብዬ አለንጋ ስላስነሳሁ ነው። አባቴ ከጎጃም ጨው ጭኖ ዓባይን ተሻግሮ መጥቶ እዚሁ የቀረ ነጋዴ ነው። እናቴ የጉቶ ጊዳ ኦሮሞ ነች። ስለዚህ በሁለት ቋንቋ መዋሸት እችላለሁ። አንዴ "ነገ ጃንሆይ ይመጣሉ" ብዬ ከገበያው እስከ ከተማው መውጫ ያለውን መንገድ ባንድ ጠዋት አስጠርጌያለሁ። ማዘጋጃ ቤቱ እስከ ዛሬ ምስጋና አልጻፈልኝም።

ሥራዬ የጭነት መኪና ረዳትነት ነበር። ስንሄድ ቡና፣ ስንመለስ ናፍጣና ላምባ በበርሜል። ክረምት ሲከር መንገዱ ይቆረጣል፣ ናፍጣ ይቀራል፣ ወፍጮ ቤቱ ይቆማል። ያን ጊዜ ሴቱ ሁሉ ወደ ድንጋይ ወፍጮ ይመለሳል። የእናቴ መዳፍ እንደ ሞረድ የሻከረው በዚያ ነው። ይህን የምነግራችሁ ሐሳቤ ከየት እንደመጣ እንድታውቁ ነው። ሰው "ለገንዘብ ነው ያደረገው" ይላል። ለገንዘብ ቢሆን ከዚያ የቀለለ ስንት ውሸት ነበረኝ!

አንድ መስከረም መኪናችን ከከተማው ወጣ ብሎ ከብት ውሃ ከሚጠጣበት ጨፌ አጠገብ ተቀረቀረ። ሹፌሩ "ውረድና ድንጋይ ክተትለት" አለኝ። ሲጋራ በአፌ ይዤ ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። በረገጥኩ ቁጥር ከታች አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ጎንበስ ስል ሲጋራዬ ወደቀ፤ ከዚያ አንድ ሰማያዊ ነገር ብልጭ ብሎ የእግሬን ፀጉር ላጨኝ። እሳት! ከውሃ ላይ!

ሹፌሩ አማተበና "ሰይጣን ነው፣ ውጣ!" አለኝ።

"ሰይጣን ከሆነ ክብሪት ለምን ፈለገ?" አልኩት።

ሳምንት ሙሉ እሱን አሰብኩ። እኔ ሳምንት ሙሉ አንድ ነገር አስቤ አላውቅም። ጨፌው ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ውሃ፣ ጭቃና የከብት እበት። እንግዲህ ኩበት ሲነድ ማን አላየም? እርጥቡ ግን፣ ያውም ሳይታይ፣ በትንፋሹ ብቻ መንደዱ ነው ጉዱ። ትልቅ እንስራ አመጣሁ፤ እበት በውሃ በጥብጬ ሞላሁ፤ አፉን በአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ አሰርኩና ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩት። እናቴ ከእኔ ጋር መብላት አቆመች። ወር ሊሞላው ሲል ከመነዳሪው እንደ እርጉዝ ሆድ ተነፋ። ጫፉን ፈታ አድርጌ ክብሪት ጫርኩ። ሰማያዊ። ጭስ የለው፣ ጥላሸት የለው። ዝም ብሎ ይነዳል።

ሮጬ ወጥቼ ገበያውን ሁሉ አዳረስኩ። "እበት በትንፋሹ ይነዳል! አገኘሁት!" ብል ሴቶቹ "ጃንሆይስ መቼ ይመጣሉ?" ብለው ሳቁብኝ። ሲሳቅልኝ ለምጄ ነበር። ሲሳቅብኝ ግን እንዲህ እንደሚያም አላውቅም ነበር።

ያመነኝ አንድ ሰው ነው።

ይህ ሰው ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። በዕድሜ እኩያዬ ነው፤ በጠባይ ግን እሱ ሌላ፣ እኔ ሌላ። ጴንጤ ነው፤ አይጠጣም፣ አይምልም፣ አያወራም። ነቀምት ውስጥ ውሃ የምትቀዱበት ጉድጓድ ሁሉ በእሱ እጅ የተቆፈረ ነው ማለት ይቻላል። አባቱም ጉድጓድ ቆፋሪ ነበሩ፤ አንድ ቀን ቸኩለው አሮጌ ጉድጓድ ሲገቡ የታመቀው አየር ወስዷቸው እዚያው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ልጃቸው አንድ ሕግ ነበረው። ማንኛውም ጉድጓድ ከመግባቱ በፊት ኩራዝ ለኩሶ በገመድ ያወርዳል። ከጠፋ አይገባም። ከበራ ይገባል። "መብራቱ ካልኖረ እኔም አልኖርም" ይል ነበር። እንደ ጸሎት ነው የሚያደርገው፤ ረስቶ አያውቅም።

ቤቴ ጠራሁትና ሁለተኛ ጊዜ የተነፋውን ከመነዳሪ አሳየሁት። ሳይናገር እንስራውን ዞረው፤ ታቹን ዳሰሰ፤ አሸተተ፤ የእኔን እጅጌ ሁሉ ገልብጦ ፈተሸ።

"ያ ሂሪያ፣ ጓደኛዬ፣ ሱሪዬንስ አላወልቅልህም?" አልኩት።

"ቆይ" አለኝ። "አንተ ስለሆንክ ነው።"

ከዚያ ለኮስኩት። እሳቱ እስኪያልቅ ቆሞ አየ። "ዱጋ ነው" አለ በመጨረሻ፤ እውነት ነው ማለቱ ነው። "ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር። አሁን ግን አይቻለሁ።"

እሱ አየሁ ካለ አየሁ ነው። ገበያ ላይ ሲጠይቁት አየሁ አለ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሲጠይቁትም ተነሥቶ አየሁ አለ። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። አርጆ በምትባል ከተማ እጮኛ ነበረችው፤ የሚስዮን ትምህርት ቤት የተማረች፣ ማንበብ የምትችል ልጅ። ሠርጉ በቆሎ ከተሰበሰበ በኋላ ተብሎ ተቀጥሯል። አባቷ አርጆ ያለው ጉባኤ ሽማግሌ ናቸው። ወሬው ሲደርሳቸው መልእክት ላኩ፦ "ከዚያ ሶብዱ ጋር አብሮ ለመሰከረ ሰው ልጄን አልሰጥም። ወይ ቃሉን ያንሳ፣ ወይ የሚያውቅ ሰው አይቶት እውነት ነው ይበለው።" ሶብዱ ያሉት እኔን ነው። ውሸታም ማለት ነው። ትክክል ናቸው።

"ቃልህን አንሳ በቃ" አልኩት። "አላየሁም በል። ምን ትሆናለህ?"

"አይቼ?" አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ማምጣት የእኔ ዕዳ ሆነ። ለዚያ ደግሞ እንስራ አይበቃም፤ ትልቅ ነገር ማሳየት አለብን። በእናቴ ግቢ ከከብቶቹ በረት አጠገብ እሱ ጉድጓድ ቆፈረ። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ። ግድግዳውን በሸክላ ጭቃ ለቀለቀው፤ እንደዚያ ያማረ ሥራ አላየሁም። እኔ ከሠፈሩ እበት በቅርጫት ተሸከምኩ። "የእበት ሹም መጣ!" ይሉኛል ልጆቹ። ለጉድጓዱ ክዳን አንድ በርሜል ለምኜ አመጣሁ፤ ታቹን አስቆረጥኩና ደፋሁበት፤ ዙሪያውን በጭቃ መረግን። ከላይ በቀዳዳው ቱቦ አስገብተን ከትልቅ የመኪና ከመነዳሪ ጋር አያያዝነው።

በርሜሉ ቀድሞ ላምባ ይያዝበት የነበረ ነው። በአመድ አሸሁት፣ በፈላ ውሃ አጠብኩት፣ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አዋልኩት። ላምባ ግን እንደ ሐሜት ነው፤ ታጥቦ አይለቅም።

ከመነዳሪው ሲሞላ ተሸክሜ የአውራጃው ገዥ ግቢ ገባሁ። ባለጉዳዩ ሁሉ ተሰብስቦ እያየ በዚያ እሳት አንድ ድስት ውሃ አፈላሁ። ገዥው ከወንበራቸው ተነሡ። "ይኼ እንግዲህ ምን ያደርግልናል?" አሉኝ።

እዚህ ላይ አፌን ብይዝ ኖሮ! "ውሃ ያፈላል ጌታዬ" ብል ይበቃ ነበር። እኔ ግን ሰው ሲሰማኝ ልጓሜ ይበጠሳል። "ጌታዬ፣ ወፍጮ ቤቱን አዞራለሁ! ነቀምትን በመብራት አንቆጠቁጣለሁ! በአንዲት ላም ትንፋሽ መኪና አዲስ አበባ ደርሶ ይመለሳል፤ ላሚቱ ሳትከሳ!" ሰው ሳቀ፤ ገዥውም ሳቁ። "የሚያውቅ ሰው አስመጥቼ አሳያለሁ" አሉና ለመሥሪያ ቤቱ ጻፉ። ወሬዬም ከደብዳቤው ጋር ተጽፎ ሄደ።

መሐንዲሱ የመጣው ታኅሣሥ ላይ ነው፤ በቆሎው ተሰብስቦ ነበር። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ካኪ የለበሰ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ ወጣት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን መተረኩም በቀለለኝ። ሰላም ብሎን እናቴ የሰጠችውን እርጎ ጠጣ። ከዚያ ወረቀት አወጣና "በላም ትንፋሽ መኪና የሚነዳው አንተ ነህ?" አለኝ።

ሠፈሩ በሙሉ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። "እኔ ነኝ። ፈቃድ ካላችሁ ደግሞ በበሬ አውሮፕላን እሞክራለሁ" አልኩ። ሠፈሩ ፈነዳ። መሐንዲሱ አልሳቀም።

እሳቱን አሳየነው። ተቀምጦ ጨርሶ አየ፤ ጻፈ። ከዚያ ወደ በርሜሉ ሄዶ አፍንጫውን አስጠጋ።

"ይኼ ምንድን ነው የሚሸተው?"

"እበት።"

"ሌላስ?"

ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል አይቶ መሐንዲሱ ያኔ ጠረጠረ። "በርሜሉ የላምባ ነበር፤ ታጥቧል" አለ ጓደኛዬ በእኔ ፈንታ።

መሐንዲሱ መነጽሩን አወለቀ። ዓይኑ የደከመ ነበር። "ስማኝ ወንድሜ" አለው። "በሦስት ጠቅላይ ግዛት ሦስት ተአምር አሳይተውኛል። አንዱ ከውሃ ቤንዚን አወጣለሁ አለ፤ አንዱ ያለ ምንም ኃይል የሚዞር መንኮራኩር ሠራሁ አለ። ሁሉም ውስጥ የተደበቀ ነገር ነበር። እሳት አየሁ፤ እሳቱ ከምን እንደመጣ ግን አላየሁም። ጉድጓዱ ይከፈት። እበቱ ይውጣና ታች ምን እንዳለ ልይ። ምንም ከሌለ እፈርማለሁ።"

እፈርማለሁ! ጓደኛዬን አየሁት። ፊቱ ላይ አርጆ ነበረች።

"ግባና እየው!" አልኩት መሐንዲሱን፤ ተናድጄ ነበር። "ጫማህን እኔ እጠብቅልሃለሁ።"

"አትሳደብ" አለኝ ጓደኛዬ። "እኔ እገባለሁ። የተያዘው የእኔ ቃል ነው።"

በርሜሉን አነሣን። ከጠዋት እስከ ቀትር እበቱን በባልዲ እየቀዳን አወጣን፤ እስከ ወገብ የሚሆን ቀረ። ትንፋሹ ከመነዳሪው ውስጥ ነው፤ የቀረውም ክዳኑ ሲነሣ ሄዷል ብለን ነው ያሰብነው። ማን ያስተምረናል? የተማረው ሰውዬ እንኳን ምንም አላለም፤ ለእሱ ገና ትንፋሽ የሚባል ነገር የለም። እበቱ ግን ሲበጠበጥ ውሎ ከታች ቡልቅ ቡልቅ እያለ ነበር።

ጓደኛዬ ሸሚዙን አወለቀ። ገመዱን አሰረ። ከዚያ እንደ ልማዱ ኩራዙን አነሣና ለኮሰ።

አይቻለሁ። እዚህ ላይ አልዋሽም። በዓይኔ ጠርዝ አይቼዋለሁ። መቶ ጊዜ ሲያደርገው ያየሁት ነገር ነው፤ ጉድጓድ አለ፣ እሱ አለ፣ ኩራዝ አለ፤ ልክ ነው። ሆዴ ውስጥ ግን አንድ ነገር "ኧረ!" ብሏል። እኔ ያኔ ለሠፈሩ ስለ መሐንዲሱ ጫማ ቀልድ ጀምሬ ነበር፤ ሰዉ አፉን ከፍቶ መጨረሻውን እየጠበቀ ነው። ልጨርሰውና ብዬ። አንድ ቃል ነበር የቀረኝ።

እሱ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ጉድጓዱ አፍ ላይ አድርጎ ኩራዙን ወደ ታች ለቀቀ።

ድምፁ እንደ ፈንጂ አይደለም። ትልቅ በሬ ሲተነፍስ እንደሚለው ነው፤ "ሁፍፍ!" ሰማያዊ ምሰሶ ከጉድጓዱ ወጥቶ ተመለሰ። እሱ አልጮኸም። ተቀምጦ ሁለት እጁን ፊቱ ፊት ያዘ፤ ሊነካው ፈርቶ። የጮኸችው እናቴ ነች።

መሐንዲሱ ነው አንሥቶ ላንድሮቨሩ ላይ ያስቀመጠው፤ ካኪው በእበትና በቆዳ እስኪበላሽ አቅፎ ወደ ሚስዮን ሐኪም ቤት ወሰደው። ሲመለስ ደጁ ላይ ያዝኩት።

"አየህ አይደል? ነደደ! ምንም ሳይኖር ነደደ! ባዶ ጉድጓድ ነደደ!"

የተበላሸውን ካኪ በጨርቅ ይጠርግ ነበር። "አየሁ" አለኝ። "ላምባ ተኖ ሲቃጠል እንዲህ ነው። ሰው ልትገድል ነበር።"

ማስረጃዬ ይኼው ነበር እኮ! ከዚያ የበለጠ ምን ላሳየው? እሱ ግን አፍንጫው ላይ የበርሜሉ ሽታ አለ፤ ወረቀቱ ላይ የእኔ ወሬ አለ። ላምባ ብሎ ጻፈ። ገዥውን በማታለል ተብዬ ሰባት ወር ታሰርኩ። እስር ቤቱ ውስጥ ስሜ ላምባ ሆነ፤ ስወጣ ስሙ ከእኔ ቀድሞ ገበያ ደርሶ ጠበቀኝ።

እንደወጣሁ እሱ ጋ ሄድኩ። በረንዳ ላይ ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል። የፊቱ ቁስል ሽሯል፤ ዓይኖቹ ግን ሁለቱም የሉም።

"ያ ሂሪያ" አለኝ ገና በእግሬ ኮቴ። "ከስተሃል። አረማመድህ ቀሏል።"

"የመንግሥት ምግብ ነው። ጃንሆይ ሲጋብዙ እንዲህ ነው" አልኩ። ሁለታችንም አልሳቅንም።

ገመዱን እየገመደ "ያቃጠለኝ ምንድን ነው?" አለኝ።

"ትንፋሹ ነው። የእበቱ።"

ገመዱን አቆመ። "ስንት ጉድጓድ ውስጥ ኩራዝ አውርጃለሁ። ወይ ይበራል፣ ወይ ይጠፋል። ወደ እኔ ተመልሶ የመጣ የለም።"

"ላምባ የለበትም፤ በእናቴ!"

"እንግዲያው ሄደህ ለአባቷ ንገርልኝ። ልጅቷ እስካሁን እምቢ ብላ ተቀምጣለች።"

እውነት ነው። ከሌላ ወንድ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተልኮባት ሁለቱንም መልሳለች። ዓይኑ መጥፋቱን ሲነግሯት "እጁስ?" አለች አሉ። አባቷ ደግሞ "ያስቸገረኝ ዓይኑ አይደለም፣ አፉ ነው" ብለዋል። ዕውር አማች ይቀበላሉ፤ ውሸት የመሰከረ አማች ግን አይቀበሉም። እንደዚህ ያለ ሰው ናቸው።

አርጆ በእግር ሄድን። አንድ በትር ይዘን፣ እኔ ከፊት ጫፉን፣ እሱ ከኋላ። ቁልቁለቱ ላይ "ድንጋይ አለ" ስለው "ድንጋይ አለ ስትል እንኳን በእግሬ እያጣራሁ ነው" አለኝ። በመንገዱ ሁሉ የቀለደው ይህችን ብቻ ነው። ቀልድ መሆኗንም እርግጠኛ አይደለሁም።

አባቷ ከአራት ሽማግሌዎች ጋር ከቤታቸው ፊት ዋንዛ ሥር ተቀምጠው ነበር። ልጅቷ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ተነሥቼ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጨፌውን፣ እንስራውን፣ በርሜሉን ማጠቤን። በሕይወቴ እንደዚያ ሳልጨምር ሳልቀንስ ተናግሬ አላውቅም። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቁ ነበር።

"ታስሮም አልተማረም" አለ አንዱ።

አባቷ ወደ ጓደኛዬ ዞሩ። "ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ በጉባኤ ፊት ላምባ የሌለው እሳት አየሁ ብለሃል። የተማረ ሰው መጥቶ ላምባ ነው አለ። ወይ ዋሽተሃል፣ ወይ ተታልለሃል። የትኛው ነው?"

"አልዋሸሁም" አለ። "ያየሁትን ነው የተናገርኩት።"

"ተታልለሃል ወይ?"

አዎ ማለት አይችልም፤ መታለሉን አያውቅማ። አይደለም ካለም አለቀ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እዚያ ዋንዛ ሥር ግን አላደረም፤ ሽማግሌዎቹ በትራቸውን እያነሡ ነው። አባቷ "እንግዲህ..." ብለው ሊነሡ ሲሉ ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ላምባ ነበረበት" አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

"እኔ ነኝ ያደረግኩት። እሱ አያውቅም። በርሜሉ ውስጥ ጎን ጎኑን በላምባ የተነከረ ጨርቅ ለጥፌ፣ ጭቃ መርጌ ደበቅኩት። እንስራውም ውስጥ ነበረበት። እሱን አታለልኩት፤ ሰው የሚያምነው እሱን ስለሆነ።"

ባንድ ጊዜ አመኑኝ። ማንም "እንዴት?" አላለም። ምን አለፋችሁ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስናገር እንደዚያ ቀን ታምኜ አላውቅም። አባቷ እንባቸው መጣ፤ ሄደው ጓደኛዬን አቀፉት። "ዋቃዮ ይመስገን፣ አልዋሸህም፤ አንተ አልዋሸህም" ይሉታል። ሽማግሌዎቹ እኔ ፊት ተፉ።

እሱ ሲያቅፉት እንደ ግንድ ቆሞ ነበር። ልጠቅሰው ፈለግኩ፤ ዓይን የለውም። ልጠጋው ፈለግኩ፤ ሽማግሌዎቹ በመካከል ናቸው። እንደሚገባው ተስፋ አድርጌ ነበር። ለእሱ ብዬ የተናገርኩትን እሱ ሳይገባው ለማን ይገባል?

ከዚያ ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ። "ስንት ጠርሙስ?" አለኝ። ቀስ ብሎ ነው።

ምን ልበል? ሁሉም እየሰማ ነው።

"ስድስት" አልኩ።

ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ሲፈልገው የነበረ ነገር እንዳገኘ ሰው። ወይ ይበራል፣ ወይ ይጠፋል፤ ተመልሶ የሚመጣው ላምባ ሲሆን ነው። አባቱን የገደለው ጉድጓድ ያስተማረው ይኼ ነው፤ ከእሱ ጋር የሚስማማው የእኔ ውሸት ሆነ። "እጅጌህን ፈትሼ ነበር" አለ። "በርሜሉን አልፈተሽኩም።"

በትሩን ዘረጋሁለት። አልያዘውም። አባቷ ክንዱን ይዘው ወደ ቤት አስገቡት። እኔ ብቻዬን በትር ይዤ ወደ ነቀምት ተመለስኩ፤ አንድም ድንጋይ አልሳትኩም፣ ሁሉንም በእግሬ መታሁት።

ሠርጉ ተደረገ። ጥሩ ሠርግ ነበር አሉ። አሁን ነቀምት ነው የሚኖሩት፤ አንድ ወንድ ልጅ አላቸው። እሱ ገመድ ገምዶ ለገበያ ያቀርባል፤ ጠንካራ ገመድ ነው፣ ጭነት የምናስረው በእሱ ነው። ሳልፍ "አካም?" እለዋለሁ። "ነጋ" ይለኛል፤ ደኅና ማለት ነው። ሌላ አይጨምርም። አንዴ ልጁ "አባ፣ ይኼ ማነው?" ሲለው ሰማሁት። "ላምባው ነው" አለው። ያኔ ገበያው መሐል ቆሜ ለመጀመሪያ ጊዜ የምቀልደው ቀልድ አጣሁ።

ስንት ጊዜ ልነግረው ሄጄ ተመልሻለሁ። ሠርጉ ትኩስ ሳለ ብናገር አባቷ ልጃቸውን ይመልሳሉ ብዬ ፈራሁ። አሁን ልጅ ተወልዷል፤ አያትየውም ልጁን ከጉልበታቸው አያወርዱትም ይባላል፤ ከእንግዲህ የሚያፈርሰው የለም። እኔ በአፌ ብናገር ደግሞ ማን ያምነኛል? አፌን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ጻፍኩት። የአራተኛ ክፍል ጽሕፈት ነው፤ የጎደለውን ሙሉበት።

እህቴ፣ የአርጆዋ ልጅ፣ አንቺ ማንበብ ትችያለሽ፤ ይህን አንብቢለት። ስድስት ጠርሙስ የለም። አንድም የለም። በርሜሉ ታጥቦ ነበር። ኩራዙን ሲለኩስ አይቼ ቀልዴን ልጨርስ ብዬ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፤ የሚፈርድብኝ ከሆነ በዚህ ይፍረድብኝ፣ በላምባው አይደለም። ጉድጓዱ እናቴ ግቢ ውስጥ አሁንም አለ፤ በእንጨት ነው የከደንኩት። ዝናብ ሲጥልና ከብቶቹ ሲያልፉበት ከታች ቡልቅ ይላል። በርሜሉን ያኔ ሲያስሩኝ ወስደውታል፤ ላምባ የሚባል ነገር እዚያ ግቢ ከገባ ዓመታት አልፈዋል። ለማየት ዓይን አያስፈልገውም፤ አፍንጫውንና ጆሮውን ይዞ ይምጣ። ክብሪቱን ቤት ውስጥ ትቼ ጉድጓዱ አፍ ላይ እጠብቀዋለሁ።